«እኔ እንዲህ ብያለሁ?»

«አንቺ አልሞትሽም እንዴ?» አለች እንግዳዋ፣ የልጅቷን እጅ እንደያዘች።

«የሞተችው እናቴ ናት።»

«እሱማ ገብቶኛል፤ ለሷ አይደል የመጣሁት! ግን አንቺም ሞተሽ ነበር። በሳል። አልቅሼልሻለሁ እኮ!»

ልጅቷ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። በቅርቡ ወደ ሰፈሩ የገባችው ይህች ሴት የምታወራው ስለ ፊልሙ ነበር። ዳይሬክተሩ ወንድሟ የልጅነት ድህነታቸውን ፊልም ሲያደርገው እሷን ገና በልጅነቷ ቀብሯታል። «ታሪኩ ሞት ይፈልጋል» ነበር ያላት። ስቃ አለፈችው። የራሷን ሞት ይቅር ማለት አልከበዳትም።

ሴትዮዋ ተቀምጣ ሻይ ተቀበለች፤ ወዲያው አጠገቧ ወዳለችው ዘንበል አለች።

«ያቺ የፊልሙ ጯሂ እናት እኮ ናት፤ ነፍሷን ይማር። እነዚህ ልጆች እንዴት ቻሏት?»

«ምን ታድርግ፣ ድህነት ነው» አለች ያኛዋ፣ ይቅርታ እንደምታድል ሁሉ።

ለቅሶው ከተጀመረ አንስቶ ልጅቷ የምትሰማው ይህንኑ ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ እሷ ለማታውቃት ሴት ይለቀሳል።

እናቷ ትጮህ ነበር፤ እውነት ነው። የምትጮኸው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጆሮዋን ስለበላው ነው። የሽመና ማሽኖቹ በሚንጓጉበት አዳራሽ ሰው ከሰው የሚያወራው በከንፈር ነበር፤ ድምፅ ሳያወጣ፣ አፉን ከፈት አድርጎ፣ ቃሉን ቀስ ብሎ እየቀረጸ። ሴቶቹ ከጥግ እስከ ጥግ በዚህ አኳኋን ሰው ያማሉ፣ ይቀላለዳሉ፣ አለቃቸውን ፊቱ ቆመው ይሰድቡታል። ቀን ከሌት ጥጥ የሚፈትለው ፋብሪካ ለጆሯቸው መድፈኛ ቁራጭ ጥጥ ነፈጋቸው። መስማት ሲያቅታቸው ደግሞ «ዕድሜ ነው» አላቸው። እናቷ «ዕድሜ ነው» ስትባል ገና ጡት የምታጠባው ልጅ ነበራት።

ሁለቱ ልጆችም የከንፈሩን ቋንቋ ለመዱት። ወንድሟ ትምህርት ቤት ሲገባ ጓደኞቹ ፊት አፈረበትና ተወው።

በፊልሙ ውስጥ ከፋብሪካው የሚታየው ጭሱ ብቻ ነው፤ እሱም ከሩቅ። የእናትየው ጆሮ ነገር አይነሳም። የቀረው ጩኸቱ ነው።

ፊልሙ የተመረቀ ዕለት እናቷ አዲስ ጫማ አድርጋ ከፊት ተቀመጠች። ድምፁን ባትሰማም አልተቸገረችም፤ የተዋናዮቹን ከንፈር ታነባለች። መሀል ላይ የእናትየው ፊት ስክሪኑን ሞላው፤ አፏ ተከፈተ፦ ምነው ባልወለድኳችሁ!

እናቷ ዞር አለች። በከንፈሯ ጠየቀቻት፦

«እኔ እንዲህ ብያለሁ?»

«አላልሽም።»

«አንቺ ትንሽ ነበርሽ። እሱ ሰምቶኝ ይሆናል። እኔ እንደሆን ከአፌ የሚወጣውን አልሰማው።»

ከዚያ ወዲህ ሳህን ስታጥብም፣ አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም የምትጠይቀው ይህንኑ ነበር። ልጇን ግን ልትጠይቀው አልደፈረችም። «ብዬ ከሆነስ?» ትላለች።

ልጅቷ ወንድሟን ጓዳ ብርጭቆ ሲያለቀልቅ አገኘችው።

«እማዬ 'ባልወለድኳችሁ' ብላ ታውቃለች?»

«ምን?»

«እንደ ፊልሙ። ብላ ታውቃለች ወይ ነው የምልህ።»

«ኧረ በፍጹም! እኔ ነኝ የጻፍኩት። ፊልም እኮ ነው እቱ፤ ሰውን የሚይዝ ነገር ይፈልጋል።»

«ያዛት። እስክትሞት ያዛት።»

ነገረችው። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ አይሆንላትም። እሱ እጁን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ቀረ።

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አስምላኝ ነዋ። 'ደስታውን አታበላሺበት' ብላ።»

«አሁን ምን ላድርግ? እሷ የለችም።»

«የፋብሪካ ጓደኞቿ አሉ። ፊልሙን አይተውታል፤ ብላለች ብለው ነው የሚያስቡት። ሂድና ንገራቸው።»

ተከትሏት ወደ ሳሎን ወጣ። ጥግ ላይ ከፋብሪካው ጡረታ የወጡት ሸማኔዎች ተደርድረው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ሌላው ለቀስተኛ ጸሎት ላይ ናቸው ብሎ ያከብራቸዋል። ልጅቷ ግን አነበበች፤ እትዬ ማርሽ የሚሏት ትልቋ ሴት የወንድሟን ቦርጭ እያሳየች «ተርቦ ያደገው ይሄ ነው?» ትላለች።

ወንድሟ ሳሎኑ መሀል ቆመ።

«እናታችን ፊልሙ ላይ ያለውን ነገር ብላ አታውቅም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። የምትጮኸውም ፋብሪካው ስላደነቆራት ነው።»

እንግዳዋ ሻይዋ ላይ አቀረቀረች። ሸማኔዎቹ ግን ምንም አልሰሙም። እትዬ ማርሽ በአገጯ ወደሱ እያመለከተች ልጅቷን «ምንድን ነው የሚለው?» አለቻት።

«ንገሪያቸው» አላት ወንድሟ።

«አንተ ንገራቸው።»

«የከንፈሩን ረስቼዋለሁ እኮ!»

ልጅቷ ገለል አለችለት።

ሸማኔዎቹ ፊት ቁጢጥ አለ። አፉን ከፈተ፣ ተሳሳተ፣ እንደገና ጀመረ። ያለ ድምፅ፣ አንድ አንድ ቃል፦ እናቴ። አላለችም። እኔ። ዋሸሁ።

እትዬ ማርሽ አፉን ትክ ብላ አየችው።

«ድገመው» አለች።

ደገመው። እሷም አጠገቧ ላለችው ነገረቻት፤ ያቺ ለቀጣይዋ። ነገሩ መስኮቱ ሥር እስከተቀመጠችው ሴት ደረሰ። ወንድሟ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ሻይ ልትቀዳ ወደ ጓዳ ገባች።