መሸሸጊያው ሱሉልታ ነው

በዚያ ዓመት ሰበታ ውስጥ የማይጠረጠር ሰው አልነበረም። ጮክ ብሎ ያወራ ይጠረጠራል፤ ዝም ያለ ደግሞ ይብስበታል። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ ከተሞች የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ተሰረዘ ከተባለ ቆይቷል። ግን የታሰረው ሁሉ አልተፈታም፣ የተቃጠለው አልተሠራም፣ በላዩ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኢንተርኔት ጠፋ። ሦስት አራት ሆኖ መንገድ ዳር መቆም እንኳ ማብራሪያ የሚጠይቅ ነገር ሆነ።

እነ ሁንዴ ደግሞ ልክ በዚህ ሰሞን ነው ከተማ ስለመቆጣጠር ተሰብስበው የሚመክሩት። ድፍረትም በሉት፣ ጅልነትም በሉት።

ጨዋታውን ሁንዴ ነው ከዩኒቨርሲቲ ያመጣው። ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ በሩን እሰብራለሁ»፣ «እኔ ዘበኛውን አታልለዋለሁ» ይላሉ። መሳካት አለመሳካቱን ዕጣ ይወስናል። ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ሰበታ ከየት ይመጣል? በሃያ የቢራ ቆርኪ ላይ ቁጥር ጽፈው ካልሲ ውስጥ ከተውታል። ካልሲው የሙሐመድአሚን ነው። ታጥቧል ባይ እሱ ብቻ ነው።

የሚገናኙት ዕድላዊት ከተከራየቻት ክፍል፣ ወደ ፉሪ በሚወስደው መንገድ ነው። ዕድላዊት አዲስ አበባ የነበረው የቤተሰቧ ቤት ሲፈርስ ወደዚህ የወጣች፣ ጠዋት ሜክሲኮ ቢሮ ገብታ ማታ የምትመለስ ልጅ ናት። ሙሐመድአሚን ከሰበታ አየር ጤና ሚኒባስ ይነዳል። ሁንዴ የሰበታ ልጅ ነው፤ ባለፈው ዓመት በሰልፉ ጊዜ ተይዞ፣ ሲለቀቅ «ሁለተኛ ስብሰባ ላይ ብናገኝህ ቤትህን እርሳው» ተብሏል። ከዚያ ወዲህ በር በተንኳኳ ቁጥር እናቱ እጇ ላይ ያለውን ዕቃ ትጥላለች።

አራተኛው ገብረየስ ነው። ከመስቀል በኋላ የተቀላቀላቸው፣ ወደ ሠላሳው የተጠጋ፣ ከሰሜን መጥቶ ሰበታ የሚኖር ዝምተኛ ሰው። ሙሐመድአሚን ታክሲው ውስጥ ስለ ጨዋታው ሲያወራ ሰምቶ «እኔንስ አትጨምሩኝም?» አለ። ስዕል ይችላል። ስለ ራሱ ግን ትንፍሽ አይልም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የድሮው ታሪክ አልቆ አዲስ ሊጀምሩ ነበር።

«እስከ ዛሬ ጀግና ሆነን ምን አተረፍን?» አለች ዕድላዊት። «እኔ ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ፣ አንዴ በሬ ረግጦኛል። አሁን ክፉዎቹን እኛ እንሁን።»

«ሱፐርቪለን!» አለ ሙሐመድአሚን ጠረጴዛውን እየመታ።

«እሺ፣ ሐሳብ አምጡ» አለ ሁንዴ። «አንዲት ትልቅ ከተማ አለች፤ ዙሪያዋን ትንንሽ ከተሞች አሉ። ክፉው ማነው? ምን ይችላል?»

«የእኔ ቤንዚን ይጠጣል» አለ ሙሐመድአሚን። «ከዱከም እስከ ተጂ ያለውን ማደያ በአንድ ቀን ያደርቀዋል። ከዚያ ሕዝቡ በእግሩ ሲሄድ ተቀምጦ ይስቃል።»

«እሱማ ረዳትህ ነው» አለችው ዕድላዊት። ተሳሳቁ። እሷ ግን የራሷን ስትናገር አልሳቀችም። «የእኔዋ ሴት ናት። ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማ ትዞራለች። የለካችው ቤት ባለቤት ማታ ሲመለስ ሰፈሩን ያጣዋል። ጎረቤት ሲጠይቅ ‹እዚህ ቤት አልነበረም› ይሉታል።»

«የእኔ ደግሞ ጨዋ ነው» አለ ሁንዴ። «ገበሬውን በኦሮምኛ ‹አካም ጅርቱ› ብሎ ደህንነቱን ጠይቆ፣ ጎንበስ ብሎ ይጨብጠዋል። የተጨበጠ ሰው መሬቱ በየቀኑ አንድ እርምጃ ይጠባል። አንተስ፣ ገብረየስ?»

ገብረየስ የሻይ ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ።

«የእኔ ምንም ኃይል የለውም። ወደ አንድ መንደር ይገባና ለአንድ ሰው ብቻ ‹ከመካከላችሁ አንዱ የእኔ ነው› ብሎት ይሄዳል። ተመልሶ አይመጣም። የቀረውን ራሳቸው ይሠሩለታል።»

ማንም አልሳቀም። ቆርኪ የያዘው ካልሲ ሁንዴ እጅ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ገብረየስ ፊታቸውን አይቶ ደነገጠና «ካልወደዳችሁት ይቅር» አለ። «ካርታውን ግን እኔ ልሳለው?» ብሎ ቀደም ብሎ ወጣ።

ኮቴው ከግቢው እስኪወጣ ጠበቁ።

«ይኼን ከየት አመጣው?» አለ ሁንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ሙሐመድአሚን ጭንቅላቱን አከከ። «እውነቴን ልንገራችሁ? መናኸሪያ አየዋለሁ። ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሚሆንበት ሰዓት። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሚሳፈረውን የሚወርደውን ያያል። እጁ ላይ ያለው ጋዜጣ ሳምንቱን ሙሉ ያው ጋዜጣ ነው።»

«እኔም የት ነው የምትሠራው ብዬው ነበር» አለች ዕድላዊት። «‹እዚሁ ነው› አለኝና ስለ ዝናብ ማውራት ጀመረ።»

«እኔን የት ታስረህ ነበር ብሎ ጠይቆኛል» አለ ሁንዴ። ፊቱ ጠቁሯል። «ጆሮ ጠቢ ነው። እናንተ ብትያዙ ትፈታላችሁ። እኔ ግን አልመለስም።»

ሰው አንዴ መጠርጠር ከጀመረ ሁሉም ነገር ማስረጃ ይሆንለታል። ዝምታው፣ ጫማው ሁልጊዜ መወልወሉ፣ ሻይ በሁለት ስኳር መጠጣቱ እንኳ ተቆጠረበት። ከዚያ ሁንዴ አንድ ዘዴ አመጣ። ለገብረየስ ብቻ፣ በሚመጣው እሁድ ሱሉልታ ሜዳ ላይ እንደሚሰበሰቡ ይነገረዋል። እነሱ በሙሐመድአሚን ታክሲ ቀድመው ሄደው፣ መጋረጃውን ጋርደው ከመንገዱ ማዶ ይጠብቃሉ። ፖሊስ ይዞ ከመጣ ሰውየው ታወቀ።

«ባይሆንስ?» አለች ዕድላዊት።

«ባይሆን ብቻውን ይመጣላ። ወርደን እናቅፈዋለን፤ ቀልድ ነበር እንለዋለን።»

ሁንዴ ደወለ። «ጌሙን ሜዳ ላይ ልናደርገው ነው። መሸሸጊያው ሱሉልታ ነው። ካርታህን እንዳትረሳ።» ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለህ?» አለች ዕድላዊት።

«የሚበላ ልያዝ ወይ አለኝ።»

እሁድ ጠዋት ሱሉልታ ብርዱ አጥንት ይገባል። ሚኒባሷ ከተዘጋች ሻይ ቤት አጠገብ ቆማለች፤ መስኮቷ የተከፈተው በጣት ያህል ብቻ ነው። ገብረየስ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ፣ ከታክሲ ወርዶ በእግሩ መጣ። የተጠቀለለ ወረቀት በብብቱ፣ ፌስታል በእጁ ይዟል። ሜዳው ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፌስታሉን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«አምባሻ ነው የያዘው» አለ ሙሐመድአሚን። «ብቻውን ነው እኮ። በሉ እንውረድ።»

«ቆይ፣ ማሎ፣ እባክህ» አለ ሁንዴ። «ኋላ የሚመጡ ቢሆንስ?»

ቆዩ። ገብረየስ ተነስቶ መንገዱን ወዲህ ወዲያ አየ፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ወረቀቱን ዘረጋና ነፋሱ እንዳይወስድበት አራቱን ጥግ በጠጠር ያዘው። ዕድላዊት ዓይኗን መለሰች። አፍራለች።

«ሁንዴ፣ ይበቃል። እኔ ልወርድ ነው።»

በሩን ስትይዝ አንድ ፒካፕ በጎናቸው አልፎ ሜዳው ጋ ቆመ። የታጠቁ ሰዎች ወረዱ።

«ይኸው!» አለ ሁንዴ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃትም ደስታም ነበረበት። «አላልኳችሁም? ይዟቸው መጣ!»

ገብረየስ ሰዎቹን ሲያይ ተነስቶ እጁን ለሰላምታ ዘረጋ። አንደኛው እጁን ትቶ ኮሌታውን ያዘው። ሌላኛው ካርታውን አነሳ። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፤ በቀይ እስኪርብቶ የተሳሉ ቀስቶች፤ በትልቁ «መሸሸጊያ» የሚል ጽሑፍ። የጥፊው ድምፅ ከመንገዱ ማዶ ተሰማ።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?» ብሎ ጮኸ አለቃቸው። «ማነው እዚህ የቀጠረህ?»

ገብረየስ ቀና አለ። ያኔ ነው ሚኒባሷን ያያት። በየቀኑ ያያታል፤ የተሰበረ የግራ መብራቷ በቀይ ፕላስተር የተለጠፈ ነው። መጋረጃውን አየ። በመጋረጃው ክፍተት የሁንዴን ዓይን አየ።

ጣቱን አንዴ ቢቀስር በቃ፤ የእሱ ጣጣ ያበቃለት ነበር። ሁንዴ መቀመጫው ሥር እንደ ልጅ ተኮራምቶ ያንን ጣት ጠበቀ።

«ማንንም» አለ ገብረየስ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው መልሶ።

ፒካፑ ላይ አስወጡት። አምባሻው ድንጋዩ ሥር ቀረ።

ሙሐመድአሚን ሞተር አስነስቶ ወዴት እንደሚነዳ ጠፋው። ዕድላዊት እያለቀሰች ነበር። «እናንተ ሂዱ፣ እኔ ጣቢያ እሄዳለሁ» አለች። ሁንዴ እናቱን እያሰበ ነበር። ደግሞ ይፈራል።

«ጣቢያ ንዳ» አለ በመጨረሻ።

ፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ነበረ፤ እዚያ አስቀመጧቸው። የምርመራ ክፍሉ በር ገርበብ ብሏል።

«ፓትሮሉ መንገድ ሲቃኝ ካርታ ዘርግተህ አገኘህ፤ መታወቂያህ የፋብሪካ ነው» ይላል የመርማሪው ድምፅ። «ፋብሪካው መስከረም መጨረሻ ላይ ተቃጥሏል። ታዲያ ሥራ ከሌለህ ቀኑን ሙሉ የት ነው የምትውለው?»

«መናኸሪያ።»

«ምን ትሠራለህ እዚያ?»

«አከራዬ ሥራ መፍታቴን ካወቁ ቤታቸውን ያስለቅቁኛል። ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ ሥራ እንደሚሄድ ሰው እወጣለሁ። ሰዓቱ እስኪደርስ መናኸሪያ ተቀምጬ እውላለሁ።»

ሙሐመድአሚን ግንባሩን በሁለት እጁ ያዘ።

መርማሪው ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡትን አይቶ ገብረየስን በር ድረስ አወጣው። ጉንጩ አብጧል።

«እነዚህን ታውቃቸዋለህ?»

ገብረየስ ሦስቱንም አያቸው። ሁንዴ ላይ ሲደርስ፣ ሂድ ለማለት ያህል በቅንድቡ ወደ መውጫው ጠቆመው።

«አላውቃቸውም።»

ሁንዴ ተነሳ። ቆርኪ የሞላውን ካልሲ ከኪሱ አውጥቶ ያዘ፤ ቆርኪዎቹ ይንኳኳሉ።

«እኔ ግን አውቀዋለሁ» አለ። «ገብረየስ ይባላል፣ ጓደኛችን ነው። ካርታ ይዘህ ና ብዬ ሱሉልታ የቀጠርኩት እኔ ነኝ።»

መርማሪው ካልሲውን አየ፣ ሁንዴን አየ። ከዚያ ወንበር ሳበና «ግባ፣ ተቀመጥ» አለው።