ካቦዋ ያቀልጥባት የነበረችው ድስት

«እትዬ፣ ካቦዋ እርሳስ ያቀልጥባት የነበረችውን ድስት ስጪኝ» አለ ቲያዎን፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ።

ቴሬቲያ ከተቀመጠችበት ምንጣፍ ቀና አለች። ባሏ ካቦዋ የተቀበረው እዚያው ደጃፏ ላይ ነው፤ መቃብሩ ላይ የተበተነው ነጭ ጠጠር ገና ከባህሩ ውሃ አልደረቀም። ቲያዎን የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። በዚህ ደሴት ዘመድ አፍ አውጥቶ ከለመነ አይከለከልም፤ መከልከል ትልቅ ነውር ነው። ሰው ፊት የጠየቃትም ይህን ስለሚያውቅ ነው።

«ዋርሳዬ፣ አሳማዋን ውሰዳት» አለችው።

«አሳማዋ ምን ታደርግልኛለች?»

«ታንኳውንም ጨምሬልሃለሁ።»

«ታንኳ አለኝ። እኔ ያልኩሽ ድስቷን ነው።»

«ስጪው እንጂ!» አሉ አሮጊቷ ሜሬ፣ ሻያቸውን ፉት እያሉ። «በካቦዋ እርሳስ የዓሣ መንጠቆውን ያላጠለቀ ማን አለ? የኔ ሽማግሌማ ከኔ ይልቅ እሱን አቅፎ ነው የሚያድረው።»

ሰዉ ሳቀ። ቴሬቲያ አልሳቀችም።

ካቦዋ ድሮ ባትሪ ሰብሳቢ ነበር። የሞተ የሶላር ባትሪ፣ የሞተር ሳይክል ባትሪ፣ የተሰበረ ሬዲዮና ስልክ በየቤቱ እየዞረ በጋሪ ይለቅም ነበር። «ብንቀብረው ከጉድጓዳችን እንጠጣዋለን፤ ባህር ብንጥለው ከዓሣችን ጋር እንበላዋለን» ይላል። ከዋናው ደሴት ከታራዋ የሚመጣው መርከብ ይወስደዋል ተብሎ ትልቅ ሳጥን ተሰጠው። ሳጥኑ ሞላ። መርከቡ ግን ሩዝና ዱቄቱን አራግፎ «በሚቀጥለው እንወስደዋለን» ብሎ ይሄዳል። ሁልጊዜ በሚቀጥለው።

ባትሪዎቹ ማፍሰስ ሲጀምሩ «ዝም ብሎ ከሚፈስ ለሰው ይጥቀም» አለና ሆዳቸውን እየከፈተ፣ እርሳሱን እያቀለጠ፣ መንጠቆ የሚያጠልቅ ድብልብል መሥራት ያዘ። ለጠየቀው ሁሉ በነፃ ያድላል። «ጢሱ አፌን ስኳር ስኳር አሰኘው» እያለ ይስቅ ነበር።

ውሎ አድሮ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ቀጥሎ ቀኝ እጁ ከአንጓው ታጥፎ ወደቀ፤ አልነሳ አለ። ነርሷ «እርሳሱ ነው» አለች። ማታ ለጸሎት ሲቀመጡ ማማተብ እንኳን አቃተው። ቴሬቲያ አንጓውን ከሥር ደግፋ ግንባሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ ታደርስለታለች።

«እግዜር የማንኛችን እጅ እንደሆነ ግራ ይገባዋል» ይላት ነበር።

«የገደለችው ያቺ ድስት ናት» አለች አሁን ቀስ ብላ። «ነርሷ ነግራናለች።»

«ነርሷ ልጅ ናት፣ ምን ታውቃለች? ወንድሜን የበላው የሰው ዓይን ነው። ማጥለቂያው አልቋል፤ ልጆቼ ምን ይብሉ?»

«አልሰጥህም።»

ሜሬ ኩባያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከትለዋቸው ወጡ።

ቴሬቲያ ድስቷን ከጓሮ አምጥታ ታቀፈቻት። ትቅበራት? የሚጠጡት ጉድጓድ እዚሁ መቃብሩ አጠገብ ነው። ባህር ትጣላት? የሚበሉት ከዚያ ነው። መርከቡን ትጠብቅ? ካቦዋም ጠብቆት ነበር። መሬቱ እንደሆነ ጠባብ ነው፤ ከዚህኛው ባህር ዳር ቆመው ድንጋይ ቢወረውሩ እዚያኛው ባህር ይገባል። በሟች ሸሚዝ ጠቀለለቻትና ትራስጌዋ አስቀመጠቻት። ቢያንስ ዋርሳዬን አተርፋለሁ አለች በልቧ።

ለቅሶው በሚያበቃበት ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ነፋሱ ከቲያዎን ቤት በኩል ያን የእርሳስ ጢስ ሽታ ይዞ መጣ። ታውቀዋለች። እጇን ወደ ትራስጌዋ ሰደደች፤ ድስቷ አለች።

ቲያዎን ለመዝጊያው ጸሎት መጥቶ በሩ ጋ ሊቀመጥ ሲል «እዚህ አጠገቤ ና» አለችው። መጣ። እጁ ገና ይሞቃል።

«በምን አቀለጥከው?»

«በሩዙ ድስት» አለ መሬት መሬት እያየ። «አጥበነዋል፣ እትዬ። በደንብ አጥበነዋል።»

ካህን ስለሌለ ጸሎቱን የሚመሩት ሽማግሌ «በአብ፣ በወልድ» ብለው ሲጀምሩ፣ ቴሬቲያ የቲያዎንን አንጓ ከሥር ያዘች። አንጓው ጽኑ ነው፣ ደጋፊ አይፈልግም። «እኔው አማትባለሁ እኮ» አላት በሹክሹክታ። አልለቀቀችውም። ግንባሩ ላይ፣ ደረቱ ላይ፣ ትከሻው ላይ አደረሰችለት።