ከቀዩ ጽሑፍ ሥር ያለው መስመር

ጠዋት ብሩሾቼን ይዤ ስወጣ በሲስተር በር ላይ «ሰፈራችንን ልቀቂ» የሚል ጽሑፍ አየሁ። በቀይ ቀለም የተጻፈ፣ ፊደሉ ክንድ የሚያህል። ደሜ ፈላ። «እጃችሁ ይቆረጥ!» ብዬ ባዶ መንገድ ላይ ጮህኩ። ሰፈርተኛው በሩን ዘግቶ እያዳመጠኝ እንደሆነ አውቃለሁ።

ሲስተር ጎረቤታችን ናት፤ ነርስ። አባቴን ስኳር ከያዘው ወዲህ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄድ ጎራ ብላ ኢንሱሊኑን ትወጋዋለች። እኔ መርፌ ሳይ ከክፍሉ ሮጬ እወጣለሁ። እሱም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ በመሰላል ተንጠልጥሎ የሚውለው ሰውዬ፣ ራሱን ልውጋ ሲል እንደ ሕፃን ፊቱን ያዞራል።

ወደ በሩ ጠጋ አልኩ። ከፊደሎቹ ሥር ቀጭን ሰማያዊ መስመር አለ፤ ከላያቸውም ሌላ።

እኔና አባቴ ታፔላ ጸሐፊዎች ነን። ከመጻፋችን በፊት በሰማያዊ ጠመኔ የታሸ ሲባጎ ግራና ቀኝ ወጥረን፣ መሃሉን ሳብ አድርገን እንለቀዋለን፤ መስመሩን ትቶ ይነሳል። ቀለሙ ሲደርቅ በእርጥብ ጨርቅ እናብሰዋለን። በሰው በር ላይ ዛቻ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ጫር ጫር አድርጎ ይሮጣል እንጂ መስመር አያሰምርም። ለዛቻ እንኳን መስመር የሚያሰምር ሰው አንድ ብቻ ነው የማውቀው። ክው ብዬ ቀረሁ። ይቆረጥ ያልኩት የአባቴን እጅ ነው።

ቤት ስመለስ አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፤ የግራ እጅጌውን ሰብስቦ። ሲስተርን እየጠበቀ ነው! ያቺኑ ሲስተርን!

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«ወንድሜን ከነልጆቹ ከቤቱ ያባረሩት የሷ ወገኖች ናቸው» አለ።

«እሷ ናት ያባረረችው?»

«እሷ ናት አላልኩም።»

«ታዲያ?»

«እኔ እንጃ» አለ፤ እውነቱን ነው፣ አያውቅም።

ማን ነኝና ልፍረድ? አጎቴና ልጆቹ ሳሎናችን ወለል ላይ ሲተኙ እኔም አልቅሻለሁ። የሲስተርን ወገን አንድ ሳላስቀር ረግሜያለሁ። ያኔ ልጆቹን የማለብሳቸው ሲስተር ያዋሰችንን ብርድ ልብስ ነበር።

በሩ ተንኳኳ። ሲስተር ገባች፤ ዓይኗ አብጧል።

«ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?»

«እግዜር ይመስገን» አለ ወለሉን እያየ።

እጇን ታጥባ ክንዱን ያዘች። ጣቶቹ ጫፍ ላይ ሰማያዊ ዱቄት አለ። አየችው። ያንን ዱቄት ታውቀዋለች፤ የበሯን ቁጥር የጻፍንላት ጊዜ የሲባጎውን አንድ ጫፍ ይዛልን እየሳቀች ቆማ ነበር። አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ጥጥ አልኮል ውስጥ ነክራ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጠረገችለት። ከዚያ ሌላ ጥጥ ወስዳ ክንዱን ጠረገች።

«ነይ» አለችኝ። «አንቺ ትወጊዋለሽ።»

«እኔ? ሲስተር፣ በሞትኩት፣ እኔ አልችልም!»

«ነገስ ማን ሊወጋው ነው? ከሰዓት በኋላ ዕቃዬን የሚጭን መኪና ይመጣል።»

አባቴ ቀና አለ። «ሲስተር...»

«አይንቀሳቀሱ ጋሼ።»

መርፌውን አስያዘችኝ። ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ፣ በልጅነቴም አንስቶ ትከሻው ላይ ያስቀመጠኝ ክንድ ፊቴ ነው። ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጌ ያዝኩ። አጥንቱ ድረስ እንዲሰማው ልወጋው ፈለግኩ፤ እንዳያመውም ፈራሁ። ሁለቱም ባንድ ላይ መጡብኝ፤ መርፌውን ወደ ቆዳው አስጠጋሁ።

ሲስተር እጇን እጄ ላይ አደረገች።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «ያመዋል።»