አቤት ያላለው ፕሮፌሰር

ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ ማንም በሌላ አያሳብብ። ረይሃና እባላለሁ፣ የእድራችን እቃ ቤት ኃላፊ ነኝ። ሞተ ከተባለ ሽሮ ሜዳ ያለውን ሱቄን ዘግቼ ድስትና አግዳሚ ወንበር አወጣለሁ እንጂ ሟች አልመረምርም።

ነገሩ የመጣው ጥሩምባ ነፊያችን ሲሞቱ ነው። እሳቸው ሲሞቱ ማን ይለፍፍላቸው? ቀብራቸው ላይ ከቤተሰብ በቀር ሰው አልነበረም። አፈርን። በእድሩ ስብሰባ ላይ አብሮ አደጌ ፕሮፌሰር አጥናፉ ተነሳ። ዕድሜ ልኩን የሚያጠናው መልእክት በኔትወርክ ውስጥ ሳይጠፋ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ለእድሩ ፕሮግራም ሠራልን፤ በየጠዋቱ ለያንዳንዱ አባል ስልክ «አሉ?» ብሎ ይልካል። ደጋግሞ ጠይቆ መልስ ካጣ፣ ሰውየው ሞቷል ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ያሰማል። ፈጽሞ አይሳሳትም አለን። ዩኒቨርሲቲ ውስጥም ስለዚሁ ትልቅ ንግግር ሊያደርግ ነበር።

ያንን ንግግር ሊለማመድ በጠዋት ስልኩን አጥፍቶ እንጦጦ ወጣ። ሲመለስ ምስር ወጡ በስሏል፣ ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ በሩ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ የዓለምወርቅ ጥቁር ለብሳለች፤ ዓይኗ ግን ደረቅ ነው። ደውላለት ነበር፣ እንደወትሮው መልስ አላገኘችም።

አጠገቤ ተቀመጠና ማን እንደሞተ ጠየቀኝ። አንተ አልኩት።

የእድሩ ዳኛ አቶ ሸምሰዲን ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ፕሮፌሰር፣ ወይ ፕሮግራሜ ተሳስቷል ይበሉ፣ ወይ ሞተዋል።»

ወላሂ፣ አሰበ! ሰው በዚህ ላይ ያስባል?

በመጨረሻ ፕሮግራሙ አልተሳሳተም አለ። ግን ለፕሮግራሙ ራሱ ያወጣው ደንብ ነበር፤ ሞተ የተባለ ሰው ስለራሱ የሚናገረው አይታመንም፣ በሕይወት መኖሩን አብሮት የሚኖር ሰው ይመስክርለት ይላል። ሁላችንም ወደ የዓለምወርቅ ዞርን። እሱ እንደምትመሰክርለት እርግጠኛ ነበር።

«ምን ብዬ ልመስክር?» አለች። «እራት ቀርቧል ብዬ ስጠራው፣ አሞኝ ስጠራው፣ ከኮምፒውተሩ ቀና ብሎ አቤት ብሎኝ አያውቅም።»

አንጀቴን በላችው። አጥናፉ ስልኩን አውጥቶ ከፈተ፤ «አሉ?» የሚለው መልእክት እየተደራረበ ገባ። አንዱንም ሳይመልስ ስልኩን ለኔ አቀበለኝና ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አጥናፉ» አለችው ቀስ ብላ።

«አቤት።»

ቀኑን ሙሉ እንባ ያልወጣት ሴት ያኔ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ድንኳኑን ላስፈርስ ተነስቼ ነበር፤ ታልቅስ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።