ዘመድ አለኝ

ደጊቱ አውራ ጣቷን ቀለም ካስነካች በኋላ ወረቀቱ ላይ ልታሳርፍ ስትል ድንገት እጇን ሳበች።

"ቆይ ልጄ፤ ምን ይላል? እስቲ አንብብልኝ።"

ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው አቶ አስናቀ እህል ለማደል ከደብረ ታቦር የተላከ ጸሐፊ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የስንቱን ጣት ቀለም እንዳስነካ እሱም አያውቀው፤ አንብብልኝ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም። ሰልፉ የአርብ ገበያን ሜዳ አቋርጦ ጨው ተራ ደርሷል፤ መበለቱ፣ ዓይነ ስውሩ፣ ጧሪ ያጣው ሽማግሌ ሁሉ ስልቻውን ታቅፎ ተራውን ይጠብቃል።

"'ዘመድም ሆነ ረዳት የሌለኝ መሆኔን በሦስት ምስክሮች ፊት አረጋግጣለሁ' ነው የሚለው። በሉ ያትሙ እናቴ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።"

"ዘመድ የሌለኝ?"

"እህሉ የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። የላኩት ሰዎች፣ ጧሪ ላለው እንዳትሰጡ ብለውናል። ካተሙ እስከ ዓመት ድረስ በየወሩ ሃያ ኪሎ ስንዴ ያገኛሉ።"

ደጊቱ ጣቷ እንደጠቆረ ቆመች። ወሩ ሰኔ ነው፤ ዘመኑ 1966። ዝናብ ካጠረ ሁለት ክረምት አልፏል። እቤት ትታቸው የመጣችው ሁለት የልጅ ልጆች እናታቸው ከሞተች ወዲህ ከእሷ በቀር የሚያጎርሳቸው የለም፤ ትናንት ያደሩት የተቀቀለ ሳማ በልተው ነው። ሃያ ኪሎ ስንዴ ማለት የሁለቱ ሕጻናት ነፍስ ማለት ነው።

ነገር ግን በጋይንት አገር ሰው መሬት የሚይዘው ዘሩን ቆጥሮ ነው። ከአቅኚው አባት ጀምሮ እገሌ እገሌን ወለደ እያለ ራሱ ድረስ የደረሰ ርስት ይካፈላል፤ መቁጠር ያቃተው ባዳ ነው። ዘመድ የለኝም ብሎ በምስክር ፊት ጣቱን ያተመማ ራሱን በገዛ እጁ ከዘሩ ፍቆ አወጣ።

ምስክሮቹ ከጠረጴዛው ጎን አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሰበካው ቄስ መምሬ ማሩ፣ ጭቃ ሹሙ ሀይሉ፣ ሦስተኛው ደግሞ ፈንታ። ፈንታ የደጊቱ የአጎት ልጅ ነው። ማንም ሳይጠራው፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ እመሰክርላታለሁ ብሎ በማለዳ መጥቷል።

"አትሚ እንጂ!" አላት። "እኔ አለሁልሽ። ማንም ምንም የላትም ብዬ እምላለሁ።"

"አንተስ ምኔ ነህ?"

"እ?"

"ያንተ አባትና የእኔ አባት ካንድ ማሕፀን አልወጡም ወይ? ምኔ ነህ ነው የምልህ።"

ከሰልፉ አንዲት ሴት ሳቀች። "ይሄ ምስክር ዛሬ ገና ባዳ ሆነ!" አለች ሌላዋ።

"ለአንቺው ብዬ እኮ ነው!" አለ ፈንታ ፊቱ እየቀላ። "በራብ ቀን ዘር ትቆጥሪያለሽ? የአባት ስም ተፈጭቶ ይበላል እንዴ?"

"ለእኔ ብለህ ቢሆንማ አንድ ቁና ገብስ ይዘህ በመጣህ። አንተን ያስማለደህ ቀጋ ሜዳ ነው።"

ቀጋ ሜዳን የማያውቅ አልነበረም። ከፈንታ እርሻ ጋር የሚዋሰን የደጊቱ ድርሻ ነው። ፈንታ ሁለት ዓመት ከስሷት ያልረታው፣ ዳኛ ፊት ቆማ ሰባት ትውልድ ሳትሳሳት ስለቆጠረች ነበር።

መምሬ ማሩ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ስር አወጡ። "ፈንታ፣ መሐላውን ያነሳኸው አንተ ነህ። በል ዘመዷ አይደለሁም በልና መስቀሉን መትተህ ማል።"

ፈንታ መስቀሉን አየ፤ ሰልፉን አየ። "እኔ እንኳ... የሚረዳት የለም ለማለት ነው..." አለና ዱላውን አንስቶ በገበያተኛው መሃል ሄደ።

አቶ አስናቀ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። "እኔ ስለ ርስት መቼ ጠየቅሁ! ይሄ የእህል ወረቀት ነው።"

"አንተ አልጠየቅህም ልጄ፤ ነገ የሚጠይቀኝ ዳኛው ነው። ዘመድ አላት፣ የሚረዳት ግን የለም ብለህ ጻፍልኝ። እውነቱ እሱ ነው።"

ጸሐፊው መምሬ ማሩን አየ። እሳቸውም፣ "እውነቷን ነው" አሉ። ሀይሉም ራሱን ነቀነቀ።

አቶ አስናቀ ወደ ደጊቱ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ቃሉን እሰርዝልዎታለሁ፤ የዛሬውንም ይወስዳሉ። ወረቀቱ ግን ላኪዎቹ ዘንድ ይደርሳል። አንድ ስርዝ ብቻ ከሆነ ማንም ልብ አይለውም። ከበዛ ግን መዝገቡን ሊመልሱት ይችላሉ፤ የሐምሌው እህል ቀረ ማለት ነው፤ የእርስዎም ጭምር። ስለዚህ ለሰው እንዳይነግሩ።"

"እሺ" አለች ደጊቱ።

ሰረዘ፤ ከላዩም ጻፈ፤ በሄደው ምስክር ቦታም ራሱ ፈረመ። ጽፎ ሲያበቃ አስነበበችውና አተመች። ስንዴው ተመዝኖ ስልቻዋ ውስጥ ሲገባ ድምፁን እያዳመጠች ቆመች። ከዚያ አዝላው መንገድ ጀመረች። ፈጥና ከሄደች ፀሐይ ሳትጠልቅ ለልጆቹ ቆሎ ታደርስላቸዋለች።

ከኋላዋ የነበረችው ዓይነ ስውሯ ላቀች ናት። ጸሐፊው ወረቀቱን ሳያነብላት እጇን ይዞ ወደ ቀለሙ ወሰደው።

"እትዬ ደጊቱ፣" አለች ላቀች ፊቷን ወደ ስንዴው ሽታ አዙራ፣ "ያንቺን እንዴት አደረገልሽ? እኔንማ ዝም ብሎ ጣቴን ያዘኝ።"

አቶ አስናቀ ቀና ብሎ ደጊቱን አያት፤ በዓይኑ ለመናት። ላቀች ከወንድሟ ጋር የተካፈለችው አንድ ጥማድ መሬት እንዳላት ደጊቱ ታውቃለች። ወንድምየው ከሞተ ወዲህ የሚያርሱት ልጆቹ ናቸው፤ እህል ይስጧት አይስጧት የሚጠይቃቸው የለም። ወረቀቱን ካገኙ ደግሞ ከነአካቴው አያውቋትም።

ደጊቱ ስልቻውን ከጀርባዋ አወረደች።

"ጣትሽን አንሺ ላቀች። የአባቷ ስም መንገሻ ነው ልጄ፤ የአያቷ ደርሶ። እኔ ምስክር ነኝ፤ ዘመድ አላት። የሷንም ሰርዘው።"

"ነገርሁዎት እኮ እናቴ! ከበዛ እኮ—"

"ይብዛ። አንድ ሲሆን ያልፉታል፤ ሲበዛ ምን ነካቸው ብለው ይጠይቃሉ። አንተም ታስረዳቸዋለህ።"

"ባይሰሙኝስ?"

ደጊቱ የሐምሌን ዝናብና የሁለቱን ሕጻናት እጅ አሰበች። ከዚያ ስልቻዋን ወደ ጠረጴዛው ጎትታ ስልቻው ላይ ተቀመጠችና ወደ ሰልፉ ዞረች።

"ከላቀች ቀጥሎ ማነው? ነይ፣ ቀረብ በይ። አባትሽ ማን ይባላል?"