ኤልስኬ የማታልፍበት መንገድ

አመርስፎርት ውስጥ እንግዳ እያዞሩ ከተማውን ከሚያሳዩት በጎ ፈቃደኞች ሁሉ እንደ ኤልስኬ የሚያወራ የለም። ሥራው ክፍያ የለውም፤ የምታገኘው ነገር ቢኖር ማንም ሳያቋርጣት አንድ ሰዓት ተኩል የማውራት ፈቃድ ነው፤ እሱን ደግሞ አሟጣ ትጠቀምበታለች። ይህን የምንላት ስለምንወዳት ነው።

በየእሑዱ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ቀይ ጃንጥላዋን ከፍ አድርጋ የደወሉ ማማ ሥር ትቆማለች። ከዚያ ቦዩን ተሻግራ፣ ውሃ ላይ የተሠራውን የድሮ የከተማ በር አሳይታ፣ በገበያው በኩል ዞራ ከተማው የሚታወቅበት ትልቁ ድንጋይ ጋ ታበቃለች። አንድ መንገድ ግን አለ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እግሯ ረግጦት የማያውቅ፤ የግንቡ ቤቶች መንገድ። ጉድ እኮ ነው! የድሮው የከተማ ግንብ ላይ የተሠሩት እነዚያ ጎባጣ ቤቶች የአገሩ ጌጥ ናቸው። እነሱን ሳያሳዩ አመርስፎርትን አሳየሁ ማለት ሠርግ ጠርቶ ሙሽራዋን መደበቅ ነው። ባልደረቦቿ ሲጠይቋት፣ "ንጣፉ ይጎረብጣል፤ ሽማግሌ ወድቆ ቢሰበርብኝ እናንተ ልታስታምሙልኝ ነው?" ትላለች።

ውሸቷን ነው። እዚያ መንገድ ላይ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት ውስጥ፣ ታላቅ ወንድሟ ቤረንት ይኖራል።

የተጣሉት እናታቸው የተቀበረች ዕለት ነው። እናታቸው የሞተችው እሑድ ጠዋት ነበር። ኤልስኬ ያን ሰዓት ስልኳን ዘግታ ድንጋዩ ጋ ቆማ እንግዳ ታስቅ ነበር፤ ቤረንት ሦስት ጊዜ ደውሎ አላገኛትም። ከቀብር መልስ ቡና ሲቀርብ ቤረንት የብስኩቱን ቆርቆሮ አንድ ጊዜ አዞረና፣ እያንዳንዱ ሰው አንዳንድ እንዳነሳ፣ ክዳኑን ቀጭ አድርጎ ገጠመው። ልማዱ ነው፤ እሱ ቤት ሁሌም ለአንድ ሰው አንድ ብስኩት ብቻ ነው። ኤልስኬ ግን የዚያን ዕለት አልቻለችም። "በእናትህ ቀብር እንኳ ሁለተኛ ብስኩት አይወጣህም?" ስትል ሰው ሁሉ ሰማ። እሱም ቆርቆሮውን እንደያዘ፣ "እኔ ሳስታምማት አንቺ ድንጋይ ታሳዪ ነበር" አላት።

በቃ። ከዚያ ወዲያ ሆድና ጀርባ ሆኑ። ኤልስኬ ቤቷ እንደገባች ቀጥ ብላ ሽንት ቤት ሄደች። እንደ አገራችን ሰው ሁሉ፣ የዘመድ ወዳጅ ልደት የሚጻፍበትን ቀን መቁጠሪያዋን የሰቀለችው እዚያ ነው። ጥቅምት ላይ "ቤረንት" በሚለው ስም ላይ በእስክሪብቶ ወፍራም መስመር አሰመረችበት። እኛ አገር ስም የሚሰረዘው ሰው ሲሞት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት እንደሚባለው፣ ዘጠኝ ዓመት ቤተ ክርስቲያንም ሄደች፣ ሰላምም አላገኘች። አንድ ነገር ያንገበግባታል፦ እናቷ በመጨረሻዋ ሰዓት ጠርታት ይሆን? ሳትመጣ ቀረች ብላ አዝና ይሆን? ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አረንጓዴው በር ጀርባ ተቀምጧል።

በዚያ የመስከረም እሑድ ስድሳ ሰባት ዓመት ሞላት። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። እኛ አገር ልደትህ ከሆነ ኬኩን ገዝተህ የምታበላው አንተ ነህ፤ እሷ ደግሞ፣ "ለማን ብዬ?" ብላ ተወችው። ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች።

የዕለቱ እንግዶች ስምንት ነበሩ፤ ከዜላንድ የመጡ ጡረተኛ የፖስታ ቤት ሠራተኞች። ከሁሉ ረጅሙ ሩትኸር የሚባል ቀልደኛ ነው። ከሁሉ አንጋፋዋ ደግሞ ሰማንያ ዓመት የሆናት ወይዘሮ ዲና ናት፤ ባለጎማ መደገፊያዋን እየገፋች ከሁሉም ቀድማ ትሄዳለች።

"ልጄ፣ አንቺ ስታወሪ መተንፈሻሽ የት ነው?" አለቻት ገና ቦዩ ላይ።

"ክረምት ላይ ነው የምተነፍሰው፣ ወይዘሮ ዲና፤ ያኔ እንግዳ የለም።"

ሁሉም ሳቁ። ኤልስኬም ደስ አላት፤ ሰው ሲስቅላት ልደቷንም ብቻዋን መሆኗንም ትረሳለች። የውሃው በር ላይ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ወደ ገበያው መታጠፊያ ሲደርሱ፣ ጉድ ፈላ! ንጣፍ ሠራተኞች መንገዱን ገልብጠው፣ ጡቡን ከምረው፣ ቀይና ነጭ ገመድ ወጥረውበታል።

"እንመለስና በዚያኛው ድልድይ እንዙር" አለች ኤልስኬ።

"በዚያኛው ድልድይ? እኔ መመለስ አልችልም፤ ጉልበቴ ወደ ፊት ብቻ ነው የሚሠራው" አለች ወይዘሮ ዲና። ሩትኸርም ስልኩ ላይ ካርታ አውጥቶ፣ "ይኸው በግንቡ ቤቶች በኩል እኮ ሦስት ደቂቃ ነው!" አለ።

ምን ትበል? ገባችበት። ጃንጥላዋን ዘግታ ብብቷ ሥር ሸጎጠች። "እነዚህ ቤቶች... አሮጌ ናቸው" ከማለት በቀር አንድ ነገር አልወጣትም። ሩትኸር፣ "እሱንማ እኛም አየን፤ እንደኛ ጎብጠዋል" አላት።

አረንጓዴው በር ጋ ሊደርሱ ሲሉ ወይዘሮ ዲና ቀጥ ብላ ቆመች።

"ሽንቴ መጣ።"

"ትንሽ ይታገሡ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ከዚያ ሻይ ቤት..."

"ልጄ፣ በሰማንያ ዓመት አሥር ደቂቃ የሚባል ነገር የለም። ይኸውልሽ፣ ሰውየው ቤት ውስጥ ነው።"

በመጋረጃ አልባው መስኮት በኩል ቤረንት ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀምጦ ይታያል። ፀጉሩ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ኤልስኬ እንዲህ ያረጀ አልመሰላትም ነበር። ፖስተኞቹ እጃቸውን ሲያወዛውዙለት እሱም ጋዜጣውን አወዛወዘላቸው። እሷ ግን እንደ ልጅ ሩትኸር ጀርባ ተደበቀች፤ ወይዘሮ ዲና ደወሉን ስትደውል ዓይኗን ጨፈነች።

በሩ ተከፈተ።

"ሽንት ቤት ፈልጌ ነው" አለች ወይዘሮ ዲና።

"ይግቡ። ጫማዎን ይጥረጉ። በስተግራ ነው" አለ ቤረንት። ድምፁ ያው ነው፤ ደረቅ እንደ ምጣድ።

ወይዘሮ ዲና ገባች፤ ቆየች። ሩትኸር ዞር ብሎ ኤልስኬን፣ "ምነው ፊትሽ ገረጣ? አሞሻል እንዴ?" አላት። እሷም፣ "ዝም ብለህ ቁም፤ ሰፋ በል" አለችው። ሩትኸርም ግራ እየገባው ካፖርቱን ከፍቶ ሰፋ አለላት።

በመጨረሻ መደገፊያው ሲንኳኳ ተሰማ። ወይዘሮ ዲና ደጃፉ ላይ ቆማ የቤረንትን እጅ ትጨብጣለች።

"እንኳን ደስ ያለህ!"

"በምን?" አለ ቤረንት።

"በልደቱ ነዋ! ቀን መቁጠሪያህ ላይ ዛሬ 'ኤልስኬ' ይላል። እኔ ደግሞ አርባ ዓመት ደብዳቤ የለየሁ ሴት ነኝ፤ የተጻፈ ነገር ሳላነብ አላልፍም። ጽሕፈትህ ግን፣ ይቅር ይበልህ፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል! ኤልስኬ ምንህ ናት?"



"እህቴ ናት" አለ ቤረንት።

ኤልስኬ ሩትኸር ጀርባ ሆና ሰማችው። "ነበረች" አላለም። ደግሞስ ጽሕፈቱ የሱ ነው? እሷ የምታውቀው እዚያ ቤት ተሰቅሎ የነበረውን የእናቷን ቀን መቁጠሪያ ነው፤ አበባ የተሳለበትን፣ በእናቷ ቁልጭ ያለ ጽሕፈት የተሞላውን። ዶሮ የጫረው ጽሕፈት የቤረንት ብቻ ነው። እንግዲያስ ተቀምጦ፣ በገዛ እጁ፣ ከተጣሉ በኋላ ጽፏታል ማለት ነው።

"የሚገርም ነው፣ የእኛም መሪ ኤልስኬ ናት" አለች ወይዘሮ ዲና ዞር ብላ። "የት ሄደች? አንተ ረጅም፣ ገለል በል እስቲ!"

ሩትኸር ገለል አለ። ወንድምና እህት ተያዩ።

ፖስተኞች ሞኝ አይደሉም፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ደጃፍ ላይ የቆሙ ናቸው። ወዲያው ገባቸው። ሩትኸር ፈጥኖ የቤረንትን እጅ ጨበጠና፣ "በእህትህ ልደት እንኳን ደስ ያለህ!" አለው። ከዚያ ኤልስኬን ጨበጠ። የቀሩትም ተሰለፉ፤ እያንዳንዱ ለሁለቱም፣ በልደት ቀን ዘመድም እንኳን ደስ ያለህ በሚባልበት በአገሩ ወግ፣ አንዱንም ሳይዘል። ቤረንት፣ "አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ" እያለ እንደ ሙሽራ አባት ቆመ። ሰልፉ ሲያልቅ ደጃፉ ላይ ያልተጨባበጡት ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"እንኳን አደረሰሽ" አለ ቤረንት።

"እንኳን አብሮ አደረሰን" አለች ኤልስኬ። ቀጥላም፣ "የእማዬ ቀን መቁጠሪያስ?" ብላ ጠየቀችው።

"እርጥበት በላው። ሁሉንም ወደ አዲስ ገለበጥኩት።"

"እኔንም?"

"ምን ላድርግ? መስከረም ላይ አንቺን ብዘል ቀኑ ባዶ ሆኖ ያየኛል። ሽንት ቤት በገባሁ ቁጥር ያየኛል።"

"እኔ ያንተን ሰርዤዋለሁ።" ሳትነግረው ማደር አልቻለችም።

ቤረንት ቅንድቡን አነሣ። "በእርሳስ ነው በእስክሪብቶ?"

"በእስክሪብቶ።"

"እንዲያ ተናደሽ ነበር?" አለና ራሱን ነቀነቀ። "ይሁን። አዲስ ግዢ፤ ርካሽ ነው። ቆይ፣ ካፖርቴን ልልበስ።"

"የት ልትሄድ?"

"ድንጋዩ ጋ ነው የምታበቁት አይደል? ያንን ቀልድሽን ሰባ አንድ ዓመት እዚህ ከተማ ኖሬ ከአንቺ አፍ አልሰማሁትም። በቃሏ ትነግረኝ የነበረችው እማዬ ናት።"

ካፖርቱን ለብሶ፣ አንድ ነገር ሥሩ ሸጉጦ ወጣ። ፖስተኞቹ ቀደም አሉላቸው። ወይዘሮ ዲና እንኳ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ሄደች፤ ጆሮዋ ግን ወደ ኋላ ነበር።

ቀለበት መንገዱ ጋ ሲደርሱ ኤልስኬ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት ያንገበገባትን ነገር አሁን ካልጠየቀች መቼም አትጠይቅም።

"ቤረንት፣ ያን ዕለት ጠርታኝ ነበር?"

ቤረንት መሬት መሬት አየ። "ጠርታሽ ነበር። ኤልስኬ የት ናት አለችኝ። ድንጋዩ ጋ ናት አልኳት። ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች፤ አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው። 'አሃ፣ አሁን እየሳቁላት ነው' አለችና እሷም ሳቅ አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ይህን ያኔውኑ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። ተናደድኩብሽ። በመጨረሻ ያሳቅሻት አንቺ ነሽ፤ አጠገቧ የነበርኩት ግን እኔ ነበርኩ።"

ኤልስኬ አለቀሰች። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ መንገድ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እንግዳ እያየ አለቀሰች። ቤረንት እጁን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት ትከሻዋን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገ።

ድንጋዩ ጋ ሲደርሱ ስምንቱ ፖስተኞች ከበው ይጠብቋታል። አፍንጫዋን ጠርጋ ጃንጥላዋን ከፍ አደረገች። ሥራ ሥራ ነው።

"ከሦስት መቶ ስልሳ ዓመት በፊት" አለች፣ "አንድ ባለጸጋ፣ የዚህን ከተማ ሰው ይህን ድንጋይ ከሜዳ አስጎትተዋለሁ ብሎ ተወራረደ። አራት መቶ ሰው ቢራና ብስኩት ተሰጥቶት እየዘፈነ ጎተተለት! ጎረቤት ሁሉ 'ድንጋይ ጎታቾች' እያለ ሲስቅባቸው ደግሞ አፈሩና ቀበሩት። ቆፍረው ያወጡት ከሁለት መቶ ሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ይኸውላችሁ የእኛ ሰው! መጎተት እንችላለን፣ መቅበር እንችላለን፤ ማውጣት ላይ ነው የምንዘገየው።"

ፖስተኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ቤረንትም ሳቀ፤ እየሳቀም ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነበር።

"በይ፣ ባለ ልደት፣ ኬኩስ?" አለች ወይዘሮ ዲና።

"አልገዛሁም" አለች ኤልስኬ አፍራ።

"ብስኩት አለ" አለ ቤረንት፤ ካፖርቱን ከፍቶ ያንን የቀብሩን ዕለት ቆርቆሮ አወጣ። አንድ ጊዜ አዞረው፣ ሁሉም አንዳንድ አነሡ። ከዚያ እንደገና እህቱ ጋ አምጥቶ ዘረጋላት።

ኤልስኬ ቆርቆሮውን ከላይ እስከ ታች አየችው። "ክዳኑስ?"

"እቤት ተውኩት" አለ ቤረንት።