ሰልፍ ያፈረሰችው ሰዓት

በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ግድግዳ ላይ አምስት ሰዓቶች ተሰቅለዋል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሞላቸው፣ የወለወላቸው፣ ሲታመሙም ያስታመማቸው አንድ ሰው ነው፤ ሠራተኛው ሁሉ አባ ደቂቃ ይለዋል። ሰዓቶቹ የለንደን፣ የፓሪስ፣ የሮም፣ የበርሊንና የኒውዮርክ ነበሩ። የመሃሎቹ ሦስቱ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የሚያሳዩት፤ ታዲያ ለሦስት ምን ያደርጋሉ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ዘንድሮ ግን እንግዳው ተለወጠ። የሚመጣው ሁሉ ሻንጋይ ስንት ሰዓት ነው፣ ሙምባይስ፣ ሳኦፓውሎስ ማለት አበዛ። ወጣቷ ሥራ አስኪያጅ አባ ደቂቃን ጠርታ፣ "ወይ ሰዓቶቹን ይለውጡልኝ፣ ወይ በስክሪን እተካቸዋለሁ" አለችው። ስክሪን የሚሞላው ሰው አይፈልግም። አባ ደቂቃ ይህ ከደመወዙ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ነጋሪ አላሻውም።

ፓሪስን፣ ሮምንና በርሊንን አውርዶ የአዲሶቹን ከተሞች ስም ለጠፈ። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ፣ "ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል!" እያለ ሳቀበት።

አባ ደቂቃ አንድ ኩራት ነበረው። በየማለዳው መሰላሉ ላይ ወጥቶ የአምስቱንም ሰዓቶች የደቂቃ ቆጣሪ ወደ አንድ አቅጣጫ ያሰልፋል። ሰዓት እንደየአገሩ ቢለያይም ደቂቃ የትም አንድ ነው ባይ ነው። ሥራ አስኪያጇ በሰጠችው ወረቀት ላይ ግን ሙምባይ ከለንደን በአምስት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች ይላል።

"ተኩል? ምን ቆርጦት ነው አገር በተኩል የሚሄደው!" አለና ተኩሏን በእስክሪብቶ ሰረዛት።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ አንድ የሙምባይ ጨርቅ ነጋዴ፣ በመመላለስ ብዛት ቋንቋችንን የለመደ ደንበኛ፣ ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ቻርጅ ላይ ትቶ ግድግዳውን እያየ ሻዩን ጠጣ። ልጁ ፈተና ሳትገባ ሊመርቃት ነበር። ሲደውል ገብታለች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ አልፏል።

"ሰዓታችሁ ዋሸኝ!" ብሎ ጮኸ።

ሥራ አስኪያጇ አባ ደቂቃ ላይ አፈጠጠች። "ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም?"

አልተጻፈም ቢል ማን ያውቅበታል? ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ነው። አባ ደቂቃ ግን አንገቱን ደፋ። "ተጽፏል። ያላመንኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያውስ ስክሪኑን ዛሬውኑ አዝዛለሁ።"

ክው አለ። ሆኖም ደመወዙን ከማሰቡ በፊት ሌላ ነገር አላስቀምጥ አለው። ወደ ነጋዴው ተጠግቶ፣ "ጌታዬ ይቅር ይበሉኝ፤ ግን ተኩሏ ከየት መጣች?" አለ።

ነጋዴው ቁጣው ሳይበርድለት መለሰ። "ሰዓታችን የሚቆረጠው አገራችን መሃል ላይ ባለችው ፀሐይ ነው። የእኛ ፀሐይ ለእናንተ ቆጣሪ ብላ አትሰለፍም!"

"በሩብ የሚሄድስ ይኖራል?"

"ካትማንዱ አለችልህ።"

"ኧረ በፈጣሪ!" አለ አባ ደቂቃ፤ መሰላሉን ወጥቶ የሙምባይን ደቂቃ ቆጣሪ ከሰልፍ አወጣት።

እኩለ ቀን ላይ የነጋዴው ልጅ ራሷ ደወለች። ፈተናው ቀሏታል። አባትየው በሳቅ እየተንከተከተ የጠዋቱን ጉድ አወራላት፤ ከዚያ ስልኩን ከጆሮው አራቀና፣ "እናንተ ጋስ ስንት ሰዓት ነው ትላለች" አለ።

አባ ደቂቃ እንደ ልማዱ ቀና አለ። ለንደን። ሻንጋይ። ሙምባይ። ሳኦፓውሎ። ኒውዮርክ። እንደገና ከዳር ጀመረ። የዚህ ከተማ ሰዓት የለም። ኖሮም አያውቅም። ሥራ አስኪያጇም ቀና ብላ ፈለገች፤ አጣች።

"ትቆየኝ በሏት!" ብሎ ወደ በሩ ሮጠ፤ ዘበኛውን ጠይቆ እያለከለከ ተመለሰና ለልጅቷ እንዲነግራት ሰዓቱን ለአባትየው ነገረው። አፍሮ ፊቱ በላብ ተጠምቋል።

ሥራ አስኪያጇ አምስቱን ሰዓቶች ከዳር እስከ ዳር ደግማ አየቻቸው።

"ስክሪኑ ይቅር" አለች በመጨረሻ። "የእኛን ይስቀሉልኝ።"

"የቱ ጋ?"

"እሱን እኔም አላውቅም፤ እስቲ መሰላሉን ያምጡ።"